ጡብ የመሰለ ዶሮ ፍለጋ፦ የሮድ አይላንድ ሬድ እርባታ ማስታወሻዬ

ጥር 25

ዛሬ ሦስቱን ቤት ለየሁ። «ሀ»፣ «ለ»፣ «ሐ» ብዬ በሮቹ ላይ በማርከር ጽፌባቸዋለሁ። በእያንዳንዱ ቤት አንድ አውራ አለ። ሴቶቹ በ«ሀ» ሦስት፣ በ«ለ» አራት፣ በ«ሐ» ሦስት ናቸው። ለማስፈልፈል የሚሆን እንቁላል የምሰበስበው ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ሴት ዶሮ ከአውራው ከተለየች በኋላም ዘሩን በሆዷ ይዛ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ሦስት ሳምንት ትቆያለች። ብርዱን ሁሉም አንድ ላይ ስለከረሙ ዛሬ ለይቼ ነገ ብሰበስብ የጫጩቱን አባት ላውቅ አልችልም። አባቱን ካላወቅኩ ደግሞ የዓመቱ ልፋት ከንቱ ነው።

ያለሁት ኦሃዮ ነው፣ ከኮሎምበስ ወጣ ብሎ። ሌሊት እሠራለሁ፤ ጠዋት ስመለስ ልብሴን ሳልቀይር መጀመሪያ የማየው ዶሮዎቹን ነው። ዝርያው ሮድ አይላንድ ሬድ ይባላል። አገር ቤት የዶሮ እርባታ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ በፈረንጆቹ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ከነጩ ሌግሆርን ጋር በእርሻ ኮሌጆችና በግብርና ጣቢያዎች በኩል የገባ «የፈረንጅ ዶሮ» ነው። እናቴም ከግብርና ያገኘቻቸው ሁለት ቀይ ዶሮዎች ነበሯት። እንቁላላቸውን እየቆጠርኩ ነው ያደግኩት።

እዚህ ከመጣሁ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ የዶሮ ሾው ላይ፣ ዶሮዎች በመልካቸው የሚወዳደሩበት ዝግጅት ላይ፣ ያንኑ ዝርያ አየሁ። ግን የማውቀው ዶሮ አልነበረም። ኬጁን ሞልቶ የቆመ፣ ቀለሙ ወደ ጥቁር የሚያደላ፣ ጀርባው እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ አውራ ነው። ከፊቱ መነሳት አቃተኝ። በኋላ ነው የገባኝ፤ ለእንቁላል ብቻ እየተመረጠ በብዛት የሚፈለፈለው ቀይ ዶሮ ከዓመት ዓመት እያነሰ፣ ቀለሙም እየሳሳ ሄዷል። የድሮውን ትልቁን ዶሮ ጠብቀው ያቆዩት ለሾው የሚያረቡ ሰዎች ናቸው። እኔም ከእነሱ አንዱ መሆን ፈለግኩ። ይህ ሦስተኛ ዓመቴ ነው።

የካቲት 3

እንቁላል እስክሰበስብ ድረስ ስለ ደረጃው ልጻፍ፤ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል።

የአሜሪካን ፖልትሪ አሶሲዬሽን፣ የአሜሪካ የዶሮ አርቢዎች ማኅበር፣ በፈረንጆቹ 1873 በቡፋሎ፣ ኒው ዮርክ ተመሠረተ። በዓመቱ የመጀመሪያውን የደረጃ መጽሐፍ አወጣ። አንድ ዝርያ ምን መምሰል እንዳለበት፣ ከአፉ ጫፍ እስከ እግሩ ጥፍር፣ እዚያ ተጽፏል። ሮድ አይላንድ ሬድ ወደ ደረጃው የገባው በ1904 ነው። ዝርያውን የፈጠሩት ግን ሳይንቲስቶች አይደሉም፤ ሮድ አይላንድ ስቴት ውስጥ ሊትል ኮምፕተን በምትባል ከተማ አካባቢ የነበሩ ገበሬዎች ናቸው። በመርከብ ከእስያ የመጡ ቀይ አውራዎችን ከግቢያቸው ዶሮ ጋር እያዳቀሉ፣ እንቁላልም ሥጋም የሚሰጥ፣ ብርድ የማይበግረው ዶሮ አወጡ። አዳምስቪል የምትባል መንደር ውስጥ ለዚህ ዶሮ በ1925 የቆመ መታሰቢያ አለ። በ1954 ደግሞ የሮድ አይላንድ ስቴት ወፍ ተብሎ ተሰይሟል።

ደረጃው የሚለው ባጭሩ ይኸው። ከጎን ሲታይ ሰውነቱ ጡብ ይምሰል፦ ረጅም፣ ሰፊ፣ አራት ማዕዘን፣ ጀርባው ቀጥ ያለ። ትልቁ አውራ 8 ተኩል ፓውንድ ይመዝን፤ ወደ 3.9 ኪሎ ነው። እናት ዶሮ 6 ተኩል፣ ዓመት ያልሞላው ወጣት አውራ 7 ተኩል፣ ቄብ 5 ተኩል። ቀለሙ ከአንገት እስከ ጭን አንድ ዓይነት የጠለቀና የሚያብረቀርቅ ቀይ ይሁን። ጭራው ጥቁር ሆኖ ፀሐይ ሲያርፍበት አረንጓዴ ይመስላል። ክንፉ ሲዘረጋም ቦታው የተወሰነ ጥቁር አለው። አናቱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ፣ እዚህ ሁላችንም ኮምብ የምንለው፣ አምስት ጥርስ ይኑረው።

ከውድድር የሚያስወጡም አሉ። ከላይ በሚታየው ላባ ውስጥ አንድም ሙሉ ነጭ ላባ። እግሩ ላይ ትንሽም ብትሆን የበቀለች ላባ። ከኮምቡ ጎን የወጣች ትርፍ ጥርስ። እነዚህ ከተገኙ ዶሮው የቀረው ነገር የቱንም ያህል ቢያምር ዳኛው ያልፈዋል።

ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ አርባ ዓመት ያህል ይህን ዝርያ ያረቡ አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ ናቸው። የመጀመሪያ ቀን የነገሩኝ እዚህ አርቢዎች ሁሉ የሚሉትን ነው፤ መጀመሪያ ጎተራውን ሥራ፣ ቀለሙን በኋላ ትቀባዋለህ። ሰውነቱ ይቅደም ማለታቸው ነው። ይህ ለእኔ ቀላል አልሆነልኝም። እኛ ገበያ ስንወጣ መጀመሪያ የምናየው ቀለም ነው። ቀይ ነው? ገብስማ ነው? ጥቁር ነው? ነጭ ነው? ዓይናችን በዚያ ነው የተገራው። በመጀመሪያው ዓመት በቀለም መርጬ ቀያይ፣ ጠባብ ጠባብ ዶሮዎች አፈራሁ። ቀለሙን በሁለት ትውልድ ማስተካከል ይቻላል። የጠፋ ስፋት ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም።

የካቲት 11

ሴቶቹን አንድ በአንድ በእጄ አየሁ። ዶሮ በዓይን ብቻ አይመረጥም፤ ላባ ያታልላል።

እንዲህ ነው የማደርገው። ዶሮዋን ግራ ክንዴ ላይ አስተኛታለሁ፣ ጭንቅላቷ ወደ ብብቴ። ደረቷ መዳፌ ላይ ያርፋል፣ እግሮቿን በጣቶቼ መሃል እይዛለሁ። በቀኝ እጄ አውራ ጣቴንና መሃል ጣቴን ትከሻዋ ላይ ከፍቼ፣ ስፋቱን ሳልለውጥ ቀስ እያልኩ ወደ ጭራዋ እወርዳለሁ። ጣቶቼ በዚያው ስፋት ጭራዋ ሥር ከደረሱ ጥሩ ነው። እየጠበቡ ከሄዱ ጡብ አይደለችም። ቀጥሎ የደረት አጥንቷን በመዳፌ አገኘዋለሁ፦ ረጅም ነው? ቀጥ ያለ ነው? ከዚያ ወገቧ ላይ ያለውን ላባ እፍ ብዬ እከፍታለሁ። ሥሩ ድረስ ቀይ መሆን አለበት። ግራጫ ከታየ እዚህ ጥቀርሻ ይሉታል፤ ስሙ ልክ ነው፣ ድስት ቂጥ ላይ የሚቀረውን ነው የሚመስለው።

የ«ሀ» አውራ ሰውነቱ ግሩም ነው፣ ቀለሙ ግን ትንሽ ሳስቷል። ስለዚህ የጠለቀ ቀለም ያላቸውን ሦስት ሴቶች ሰጠሁት። የ«ሐ» አውራ በተቃራኒው ነው። ቀለሙን አይቼ አልጠግብም፤ ጭራው ሥር ግን ይጠባል። እሱ ጋር ያሉት ሰፋፊዎቹ ናቸው። ሕጉ አንድ ነው፤ አንድ ዓይነት ጉድለት ያላቸውን ሁለት ዶሮዎች አንድ ቤት አታስገባ። ያ ጉድለት ከልጆቹ በቀላሉ አይለቅም።

የ«ለ» አውራ አሳስቦኛል። በጥር ብርድ የኮምቡ ጫፎች ጠቁረው ረግፈዋል። ቤቱ ውስጥ እርጥበት ነበረ፤ ኮምብን የሚያቃጥለው ከብርዱ ይልቅ እርጥበት ያለው ብርድ ነው። መስኮቱን ዘግቼ ያሞቅኩላቸው መስሎኝ ነበር፣ ትንፋሻቸውንና የኩሱን እርጥበት ነው ያፈንኩባቸው። አሁን ከላይ በኩል አየር መውጫ ከፍቼለታለሁ።

የካቲት 24

42 እንቁላል ማስፈልፈያ ማሽኑ ውስጥ አስገባሁ። ሁዳዴ ስለገባ ቤታችን ውስጥ እንቁላል የሚበላ የለም፤ ባለቤቴም ልጆቹም አይነኩትም። ለማስፈልፈል ከዚህ የተሻለ ወቅት የት ይገኛል! በመኸር ለሚደረግ ሾው ደግሞ በዚህ ሰሞን የተፈለፈለ ጫጩት ልክ ነው፤ ይህ ዝርያ ሞልቶ ለመታየት ሰባት ስምንት ወር ይፈልጋል።

እንቁላሉን ለስምንት ቀን ነው የሰበሰብኩት። ምድር ቤት፣ ወደ 15 ዲግሪ በሆነ ቦታ፣ ሹሉ ጫፍ ወደ ታች ተደርጎ ተቀመጠ። በጣም የከበበውን፣ ቅርፊቱ የሻከረውን፣ ትንሹን ሁሉ አወጣሁ። በእያንዳንዱ ላይ በእርሳስ የቤቱን ፊደል ጻፍኩ። ማሽኑ 37.5 ዲግሪ ላይ ነው፣ እርጥበቱ 45 እና 50 በመቶ መሃል። ማገላበጡን ማሽኑ ራሱ ይሠራዋል። በ18ኛው ቀን ማገላበጥ ይቆማል፣ እርጥበቱም ወደ 65 ከፍ ይላል፣ ከዚያ ክዳኑን አልነካም።

መጋቢት 1

ሰባተኛ ቀን። ማታ መብራት አጥፍተን ከትልቋ ልጄ ጋር እንቁላሎቹን በባትሪ አየናቸው። ሕይወት ያለበት እንቁላል ውስጥ ከአንድ ነጥብ የተነሱ ቀያይ ደም ሥሮች እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግተው ይታያሉ። መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ አለ፤ የጫጩቱ ዓይን ነው። ትንሽ ቆይታችሁ ካያችሁት ይንቀሳቀሳል። ልጄ ትንፋሿን ይዛ ነበር የምታየው።

ከ42ቱ 35ቱ ደህና ናቸው። ባዶ ከሆኑት ሰባት አምስቱ የ«ለ» ናቸው። የገመትኩት ነው። ኮምቡን ብርድ የመታው አውራ ለተወሰነ ጊዜ ዘሩ ይደክማል።

መጋቢት 13

ችግር። ጫጩቶቹ ሁለት ቀን ቀድመው ጀመሩ። ትናንት ማታ፣ ገና በ18ኛው ቀን፣ ድምፅ ሰማሁ። ዛሬ ጠዋት ከሥራ ስመለስ አምስት ወጥተዋል፣ የሁለቱ እምብርት በደንብ አልተዘጋም። ቀድሞ መፈልፈል የሙቀት መብዛት ምልክት ነው። ማሽኑ ግን 37.5 ይላል። የሰው ትኩሳት መለኪያ አምጥቼ ጎኑ አስቀመጥኩ፤ 38.4 አለኝ። የማሽኑ ቴርሞሜትር አንድ ዲግሪ ያህል አሳንሶ ሲነግረኝ ነው የከረመው። ይህንን እንቁላል ከመግባቱ በፊት ማረጋገጥ ነበረብኝ። ማሽን የሚገዛ ሰው ካለ እባካችሁ፣ መጀመሪያ ባዶውን አንድ ቀን አስነሡትና በሁለተኛ ቴርሞሜትር ለኩት።

መጋቢት 15

አለቀ። ከ35ቱ 27 ጫጩት። ስምንቱን አጣሁ፣ አራቱ ቅርፊቱን ቀድደው መውጣት አቅቷቸው ነው።

ምልክት ማድረጊያው ቀን ዛሬ ነው፣ ይህ ሥራ አይቆይም። ጫጩት በእግር ጣቶቹ መሃል ስስ ቆዳ አለው፤ በእያንዳንዱ እግር ሁለት ቦታ፣ በድምሩ አራት። በትንሿ መብሻ አንዱን ወይም ሌላውን በመብሳት 16 ዓይነት ምልክት ማውጣት ይቻላል። «ሀ» ግራ ውጭ፣ «ለ» ግራ ውስጥ፣ «ሐ» ቀኝ ውጭ። ጫጩቱ ሲጮህ አንጀቴ ይላወሳል፣ ግን ቅጽበት ነው፣ ወዲያው ረስቶት ወደ መኖው ይሮጣል። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የተበሳው ቆዳ ተንጠልጥሎ ከቀረ ተመልሶ ይገጥማል። ሙሉ በሙሉ ወድቆ ቀዳዳው ወለል ብሎ መታየት አለበት። ባለፈው ዓመት አምስት ጫጩት ምልክታቸው ጠፍቶብኝ የማን ልጅ እንደሆኑ ሳላውቅ ቀረሁ።

አሁን ከመብራቱ ሥር 35 ዲግሪ ላይ ናቸው። በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል እቀንሳለሁ። ከቴርሞሜትሩ በላይ የሚነግሩኝ ግን እነሱው ናቸው። ተጠጋግተው ከተቆለሉ በርዷቸዋል፣ ክንፋቸውን ዘርግተው ከሸሹ ሞቋቸዋል።

ግንቦት 4

ሁሉም ውጭ ናቸው። ሁለቱን ጭልፊት ወሰደብኝ፣ ከላይ መረብ አልዘረጋሁም ነበር። አሁን ተዘርግቷል። 25 ቀሩ። ለእግራቸው ቁጥር ያለበት ቀለበት አደረግኩላቸው።

ሰኔ 8

አሥራ ሁለት ሳምንት ሞላቸው፤ የመጀመሪያው ምርጫ ዛሬ ነው። 13 አውራ፣ 12 ቄብ።

በዚህ ዕድሜ ሰውነታቸውን አይቶ መፍረድ አይቻልም። ሁሉም እግር ብቻ ናቸው፣ ጀርባቸው ይጎብጣል፣ ላባቸው ግማሹ የጫጩት ግማሹ የአዋቂ ነው። የማወጣው በግልጽ ከውድድር የሚያስወጣ ነገር ያለባቸውን ብቻ ነው። ሁለት አውራ ከኮምባቸው ጎን ትርፍ ጥርስ አወጡ። አንዲት ቄብ በግራ እግሯ ውጫዊ ጣት አጠገብ የሩዝ ፍሬ የምታክል ላባ አበቀለች። በጣቴ ካልዳሰስኩ አላያትም ነበር። ሦስቱም ወደ ሌላኛው ግቢ ሄዱ።

ቁጥር 14 ከሁሉ ቀድሞ ያማረ ነው። አሁኑኑ ይጮሃል፣ ኮምቡ ቀልቷል፣ ደረቱን ነፍቶ ነው የሚሄደው። የመጣ እንግዳ ሁሉ እሱን ነው የሚጠቁመው። ቁጥር 22 ደግሞ ከ«ሀ» ቤት ነው፣ ዝም ያለ፣ አጥንተ ወፍራም፣ ግማሽ ጀርባው ላባ የለውም። ሽማግሌው ትናንት መጥተው 14ን አለፉትና 22ን አነሱት። መዘኑት፣ ጀርባውን ዳሰሱት። «ይሄን እንዳትሸጠው፣ ቶሎ የሚያልቅ ዶሮ ትንሽ ሆኖ ነው የሚያልቀው» አሉኝ።

ሐምሌ 12

ፀሐዩ ከባድ ነው። ቀይ ላባ በፀሐይ ይለቃል፣ ወደ ናስ ቀለም ይሄዳል። የሾው ወፎቼን እስከ አመሻሽ ጥላ ሥር አቆያቸዋለሁ። ሣሩም አለ፣ ትሉም አለ፣ ስለዚህ ምንም አልጎደለባቸውም። መኖው ላይ ፕሮቲኑን ወደ 20 በመቶ ከፍ አድርጌዋለሁ፤ ላባ የሚሠራው በአብዛኛው ከፕሮቲን ነው።

ነሐሴ 11

ዛሬ ከሥራ ስመለስ ቁጥር 9ን ያዝኩት። ከ«ለ» ቤት ነው። ሳልደብቅ ልናገር፤ እስካሁን ካረባኋቸው ዶሮዎች ሁሉ ሰውነቱ ልክ የሆነው እሱ ነው። ጣቶቼ ከትከሻው እስከ ጭራው ሳይጠቡ ይወርዳሉ። ክንፉን ስዘረጋው አንድ ነጭ ላባ አለ። ሙሉ ነጭ። ከዳር እስከ ዳር።

ቁጭ አልኩ። ሾው ሲቃረብ ላባዋን ነቅዬ ብጥላት ማንም አያውቅም። አዲስ ላባ ለማደግ ስድስት ስምንት ሳምንት ይፈጅበታል፣ ሾው ላይ ዳኛው ክፍተት ብቻ ነው የሚያየው። ደረጃው ግን ይህን ማጭበርበር ይለዋል፣ ከውድድር ያስወጣል። ደግሞ ያ ላባ መረጃ ነው። ውስጡ ያለውን እየነገረኝ ነው። ብነቅለው ልጆቹ ላይ ተመልሶ ይመጣል፤ እኔ የምፈልገው ደግሞ ልጆቹን ነው። ላባውን አልነካሁም። 9 ሾው አይሄድም።

ፍልሰታ ስለሆነ የትልልቆቹ ሴቶች እንቁላል እየተከማቸ ነው። ለጎረቤት አደልኩ።

መስከረም 1

እንኳን አደረሳችሁ!

ከ11ዱ አውራዎች ሰባቱ ለዓመት በዓል ሆኑ። 24 ሳምንት ሞልቷቸዋል። ይህን ክፍል ብዙ ሰው መስማት አይወድም፣ ግን የሥራው ግማሽ እሱ ነው። ሁሉንም የሚያስቀር አርቢ ዝርያውን አያሻሽልም። ከ27 ጫጩት ለሚቀጥለው ትውልድ የሚሆኑ ሦስት አራት ከተገኙ ጥሩ ዓመት ነው።

ሥጋው ጠንካራ ነው፣ ከሱፐርማርኬቱ ዶሮ ጋር አይገናኝም። ባለቤቴ ወጡ ሦስት ሰዓት እሳት ላይ እንደቆየ ነግራኛለች። አሥራ ሁለቱ ብልት በሥርዓቱ ወጥቶ፣ ፈረሰኛው ራሱ የሚያጠግብ። ከቤተ ክርስቲያን የመጡ አንድ እናት ቀምሰው «ይሄ የአገር ቤት ነው» አሉ። በጣም ደስ አለኝ።

እናቴ ጋር ደወልኩ። ቪዲዮውን አዙሬ 22ን አሳየኋት። ዝም ብላ አየችውና «ልጄ፣ ይሄ በግ ነው እንዴ?» አለች። ከዚያ የድሮዎቹን ሁለት ቀይ ዶሮዎች አነሳች፤ አንዷ በስንት ወሯ እንደጀመረች፣ የትኛዋ ቆጡ ላይ መውጣት እንደማትወድ፣ ሁሉንም ታስታውሳለች። እኔ ለዶሮ ማስታወሻ እይዛለሁ፣ እሷ በጭንቅላቷ ይዛዋለች።

ቁጥር 14 የት ደረሰ ለምትሉኝ፤ ከሰኔ ወዲህ ብዙም አላደገም። 6 ፓውንድ ላይ ቆሟል። 22 ትናንት 7 ፓውንድ ከሩብ መዘነ፣ ገና እየሞላ ነው።

መስከረም 21

የፑሎረም ምርመራ ተደረገ። ያለዚህ ወረቀት ሾው አይገባም። ፑሎረም ከእናት ዶሮ በእንቁላሏ ውስጥ ወደ ጫጩት የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ በድሮ ጊዜ ጫጩት በገፍ ይጨርስ ነበር። በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ብሔራዊ ፕሮግራም ተጀምሮ ነው የተገታው። መርማሪው ከክንፍ ሥር ከምትታየው ደም ሥር አንድ ጠብታ ደም ወስዶ ነጭ ሰሌዳ ላይ ከሐምራዊ ፈሳሽ ጋር ያቀላቅለዋል። ሁለት ደቂቃ ይጠብቃል። ደሙ እየተቋጠረ ፍርፍር ካለ በሽታው አለ ማለት ነው። የእኛዎቹ ሁሉ እንደ ወተት ለስላሳ ሆነው ቀሩ።

የወፍ ጉንፋኑም ሌላ ሐሳብ ነው። በ2022 ስንት ስቴት ሾው እንደተሰረዘ ሁላችንም እናስታውሳለን። ስለዚህ ውጭ የምለብሰው ጫማ ሌላ፣ ዶሮ ቤት የምገባበት ሌላ ነው። ከሾው የተመለሰ ዶሮ ሁሉ ለብቻው አንድ ወር ይቆያል።

22 እና ሁለት ቄቦች ከዛሬ ጀምሮ ጋራዥ ውስጥ የሾው ኬጅ ላይ ናቸው። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ አወጣቸዋለሁ፣ ክንፋቸውን እዘረጋለሁ፣ በቀጭን ዘንግ ደረታቸውን ነካ አድርጌ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ አለማምዳቸዋለሁ። ዶሮ ከፈራ ይኮራመታል፤ የተኮራመተ ዶሮ ጡብነቱ አይታይም።

ጥቅምት 12

አጠብናቸው። ሦስት ገንዳ፦ አንዱ ለብ ያለ ውሃ በሳሙና፣ ሁለተኛው ትንሽ ኮምጣጤ ያለበት፣ ሦስተኛው ንጹሕ ውሃ። ዶሮ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ ትወራጫለች። ትንሽ ቆይታ አንገቷን ታለሳልሳለች፣ ዓይኗን ከታች ወደ ላይ ትከድናለች፣ እጄ ላይ እንቅልፍ ይወስዳታል። ልጄ እግራቸውን በጥርስ ብሩሽ አሸችላቸው፣ ከቅርፊቱ መሃል ያለው አፈር ሁሉ ወጣ። ላባው እንዳይሰበር የሚታሸው ወደ ተፈጥሮ አቅጣጫው ብቻ ነው። በፀጉር ማድረቂያ አድርቀን ሞቅ ያለ ክፍል አሳደርናቸው። ከሾው ሦስት ቀን በፊት ማጠብ ጥሩ ነው፤ ላባው ዘይቱን መልሶ ያገኛል።

ጥቅምት 15

ሾው። ትንሽ የክለብ ሾው ነው፣ የአንድ ቀን። ለሊት 10 ሰዓት ተነሥተን ነዳን።

ወጣት አውራ ሮድ አይላንድ ሬድ ስድስት ነበሩ። ዳኛው 22ን ሲያወጣው እኔ ከገመዱ ማዶ ቆሜያለሁ። እኔ በየቀኑ የማደርገውን ነው ያደረገው፤ ክንዱ ላይ አስተኛው፣ እጁን ጀርባው ላይ አሳረፈ፣ ክንፎቹን ዘረጋ፣ ወገቡ ላይ እፍ አለ። እዚያ ላይ ቆመ። ደግሞ እፍ አለ። ከዚያ ኮምቡን ቆጥሮ መለሰው። ሁለተኛ ወጣ። ካርዱ ላይ «ሰውነት በጣም ጥሩ፣ ጭራ ሥር ጥቀርሻ» ተጽፏል። እቤት ፈልጌ ያላገኘሁትን እሱ አገኘው። እኔ የከፈትኩት መሃል ወገቡን ነበር፤ ጥቀርሻው ያለው ከዚያ ወደ ኋላ ሁለት ጣት ወረድ ብሎ ነው።

ቁጥር 6፣ የ«ሀ» ቤት ቄብ፣ ከአራት ቄቦች አንደኛ ወጣች። ልጄ ሪባኑን እስከ ቤት ድረስ ከእጇ አልለቀቀችውም።

ከውድድሩ በኋላ ዳኛውን አናገርኩት፣ አይቸኩልም፣ ያስረዳል። ጥቀርሻው የጠለቀ ቀለምን ከጠለቀ ጋር ደጋግሞ ከማዳቀል እንደሚመጣ ነገረኝ። በ«ሀ» ቤት ሦስቱንም ሴቶች ጠቆር ካሉት መርጬ ነበር። የአውራውን መሳሳት በአንድ ጊዜ ልሞላ ብዬ አብዝቼዋለሁ ማለት ነው።

ጥቅምት 24

ኦሃዮ ናሽናል የሚባለው ትልቅ የዶሮ ሾው እዚሁ ኮሎምበስ በኅዳር መጀመሪያ ነው። ዘንድሮ ዶሮ ይዤ አልሄድም። ለማየት ብቻ እሄዳለሁ፣ ትልልቆቹን ቀያዮች፣ ጭራቸው ሥር ያለውን ላባ አርቢዎቹ ካስፈቀዱኝ እፍ ብዬ ለማየት።

የሚቀጥለው ዓመት ቤቶች እንዲህ ይሆናሉ። ቄቦቹ በእናታቸው ቤት ይቀራሉ፣ ወጣት አውራዎቹ አንድ ቤት ወደፊት ይሄዳሉ። ይህን ሥርዓት ከያዝኩ ወንድምና እህት ሳይገናኙ ሦስቱን ቤት ለብዙ ዓመት ማዞር እችላለሁ። 22 ከ«ሀ» ስለሆነ ወደ «ለ» ይገባል፤ እዚያ ያሉት ሴቶች ወገባቸው ሥር ንጹሕ ቀይ ነው፣ ዛሬ እስከ ጭራቸው ድረስ ደግሜ አየኋቸው። ለ9 አንዲት ሴት ብቻ እሰጠዋለሁ፣ ለብቻቸው፣ ከ«ሐ» ቤት ሰፊዋን። የልጆቻቸው ምልክት የተለየ ይሆናል፣ ቀኝ ውስጥ። ነጭ ላባ በስንቱ ላይ እንደሚወጣ ቆጥሬ ነው ከዚያ በኋላ የምወስነው።

የ«ለ» ቤት በር ዝቅ ያለ ነው። 22ን ዛሬ ለሙከራ ሳስገባው ኮምቡን መታው፣ ትንሽ ደማ። ቅዳሜ ከላይ አንድ ጣውላ አነሣለሁ፣ የአየር መውጫውንም ብርዱ ሳይገባ በዚያው አሰፋዋለሁ።